አሥራ ዘጠነኛው መስመር

ስህተቱን ያየችው ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ወረቀቱ ስምንት መቶ ሰው እጅ ከገባ በኋላ።

አንዲት ለቅሶ ደራሽ ወንበር ላይ ረስታው በሄደችው የሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ፣ ከላይ ሲቆጠር አሥራ ዘጠነኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር ቆይተዋል።» አራሚዋ የያዘችውን የብርጭቆ ትሪ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ መስመሩን ደግማ አነበበችው። ከዚያም እንደ ሥራ ልማዷ ከመጨረሻው ቃል ተነስታ የኋሊት አነበበችው። የኋሊትም ያው ነው። ባሏ ፓስፖርት እንኳ ኖሮት አያውቅም።

በማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም አራሚዋ እያለ የሚጠራት ለዚሁ ነው። የገዛ ባሏን ወረቀት ግን ሳታነብ አሳልፋዋለች። የቀብሩ ዕለት ጠዋት አምጥተው ሲያሳይዋት፣ ሬሳ ሣጥኑ ደረጃውን ሲወርድ ተሸካሚዎቹ ቢንሸራተቱስ ብላ እየሰጋች ነበር። ዝናብ ቢመጣስ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆምስ፣ ልጄ እህል ሳትቀምስ ራሷን ስታ ብትወድቅስ። «ይሁን» አለቻቸው፣ ዓይኗ ደረጃው ላይ እንዳለ። ሌላ ሰው ሰማዩ ሲዳምን ጃንጥላ ይፈልጋል፤ እሷ ጎርፍ ቤት ሲወስድ ይታያታል። የሰጋችው ሁሉ ሳይደርስ ቀረ። ያልሰጋችበት ደረሰ።

የባሰው ደግሞ፣ ያን መስመር መቃብሩ አጠገብ ቆማ፣ በማይክሮፎን፣ ድምፅዋ ሳይሰበር ያነበበችው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅዋ መሆኗ ነው። እናትየው ያኔ አሁን ትወድቃለች ብላ የልጅዋን እግር ስታይ፣ ከሚነበበው አንድ ቃል አልሰማችም።

ሳሎኑ ሙሉ ነበር። ለቅሶ ደራሹ በሦስት ረድፍ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ ስለ ሟቹ ደራሲ ይንሾካሾካል። ታላቅ ሰው ነበሩ ይላል አንዱ። ብዕራቸው ወራጅ ውሃ ነበር ይላል ኮት የለበሰው ሌላው፤ አንዴ ቁጭ ካሉ ምዕራፍ ሳይጨርሱ አይነሱም ነበር አሉ። አራሚዋ ብርጭቆ ስታነሳ ይህን ሰምታ ጥርሷን ነከሰች። ወራጅ ውሃ። አንዲት ዓረፍተ ነገር አልመጣ ብላው በግንባሩ የመታው፣ የተሰነጠቀው ልስን፣ እዚያው ከሰውየው ራስ በላይ ካለው ካላንደር ሥር ነው። ገለጥ አድርጎ ማየት ብቻ ነው።

ከነዚህ ሰዎች ውስጥ በዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር አንዱ እንኳ ብቅ ብሎ አያውቅም። አሁን ሞተላቸውና ወንበር አልበቃ አለ።

ወረቀቱን በር አጠገብ ለተቀመጡት ለሟች ታላቅ እህት አሳየቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና አጥፈው መለሱላት።

«ተይው አንቺ ልጅ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቤት ገመና አደባባይ አይሰጣም። እንኳንም እንዲህ አሉት።»

ማን እንዳለው ጠየቀቻቸው። ማኅበሩ ነው ያሰናዳው አሉ፤ የደራሲያን ማኅበር ሊቀመንበር ራሳቸው እንደሚመጡም አስታወሷት፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ። የማኅበሩ መጽሔት ለሟች መታሰቢያ ልዩ እትም አዘጋጅቷል፤ ሙሉ የሕይወት ታሪክ፣ አሥራ ስድስት ገጽ። ነገ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይታተም» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል፣ እሷ የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ደንብ ነው፤ የዚህኛው ፈራሚ የሟች ቤተሰብ እንዲሆን ተወስኗል። ፈራሚዋ እሷ ናት።

ከደራሲው ጋር የተዋወቁት በስህተት ነበር። እሱ የመጀመሪያ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የገባለት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የተቀጠረች ጀማሪ። ገጽ ዘጠና ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ ውሃ ሲጠጣበት አገኘችና ኅዳጉ ላይ «ይህ ብርጭቆ ሞቷል» ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ወረቀቱን እያውለበለበ አራሚ ክፍል ገባ፤ የቀለደብኝ ማነው አለ። እኔ ነኝ አለች፣ ያን ዕለት ከሥራ እንደምትባረር ቅንጣት ሳትጠራጠር። ሰውዬው ግን ሳቀ። ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በዓመቱ ተጋቡ።

መጽሐፉ ወጣና አገር ጉድ አለለት። መከራው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሁለተኛውን ሊጽፍ ሲቀመጥ የሚወጣው ቃል ሁሉ የሱ አልመስል አለው። «የምጽፈው እኔ አይደለሁም» ይላት ነበር። «የኔን መጽሐፍ ያነበበ፣ እኔን መምሰል የሚፈልግ አንድ ሰውዬ ነው። እጁን እጄ ውስጥ አግብቷል።» ሲያሞግሱት ይብስበታል፤ የተጨበጨበው ለዚያ ለሌላው ሰውዬ ይመስለዋል። ቀን የጻፈውን ይዞ ከሥራ እስክትመለስ ይጠብቃትና ቀይ እስክሪብቶሽን አምጪ ይላታል፤ የኔን ተይው፣ የሱን ሰርዢ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ኋላ ኋላ ቀልዱ አለቀ። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ የሱንና የሌላውን ሰውዬ ቃል ስትለይ ታመሻለች። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን አይታው አታውቅም። ሁሉም የሱ ነበር። ሁሉም ጥሩ ነበር። ይህን ብትነግረው ግን የማያምናት ስለመሰላት፣ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያዘነች ትሰርዝለት ነበር።

ትሪውን ወጥ ቤት አድርሳ ወደ ልጅዋ ክፍል ሄደች። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ልጅቷ ከነልብሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አባቷ ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ከማለቱ ሦስት ሳምንት በፊት ፈቃድ ወጣሁ ብላ ቤት መዋል ጀምራ ነበር። እናቷ ያን ጊዜውኑ ሰግታለች። ፈቃድ የወጣ ሰው ይተኛል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ልብስ ያጥባል። ይቺ ግን መጋረጃ ዘግታ ትቀመጣለች። እናትየው ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ስም ልትሰጠው ስለፈራች ብርድ ነው ብላ ሹራብ ስታለብሳት ሰነበተች።

ወረቀቱን ዘርግታ ይህቺን መስመር ማን ነገራቸው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በጨረፍታ አየችው።

«እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ስልክ ደውለው እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ ምን ነበር የሚሠሩት ሲሉኝ ነገርኳቸው። ተሳስቻለሁ?»

«አንቺንስ ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «አንቺ ነሻ፣ እማዬ።»

አራሚዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እውነት ነው። የአራት ዓመት ሕፃን አባዬ የት ሄደ ስትላት፣ ውጭ አገር፣ ሊማር ብላታለች። ሕፃኗ ግራ ገብቷት «አባዬ ማንበብ ያውቃል እኮ» ብላ ነበር። በየሳምንቱ እሱ የተኛበት ሆስፒታል ደርሳ ስትመለስ ጥግ ካለው ሱቅ ቸኮላት ገዝታ፣ አባዬ ከውጭ ላከልሽ ትላታለች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ። ልጅቷ አደገች፤ ውሸቱን የሚያነሳውም የሚጥለውም ስላልነበረ እሱም አብሯት አደገ። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የዋለችው ጥፋተኛ፣ ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሷ ሰክታ እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

ልትናገር አፏን ስትከፍት የባሏ እህት በሩን ገፋ አደረጉና ሰውየው መጥተዋል አሉ።

ሊቀመንበሩ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሽቷቸው ቀድሟቸው የሚገባ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ሲገቡ ሳሎኑ ከመቀመጫው ተነሳላቸው። እግዜር ያጥናችሁ አሉ፣ አገር ምሰሶዋን አጣች አሉ፤ በልዩ እትሙ ምክንያት በሟች ስም ቤተ መጻሕፍት ሊሰየም እንደታሰበም ሹክ አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። ከዚያ የልዩ እትሙን ማረሚያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኑረው የራሳቸውን ብዕር ከፍተው አቀበሏት። የሚፈረምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል።

አራሚዋ ብዕራቸውን ወደ ጎን አደረገችና ቀዩን ከኪሷ አወጣች።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው፣ ማንበብ እንኳ አያስፈልግዎትም፣ ባለሙያዎች አይተውታል፣ በሐዘንዎ ላይ ድካም አይጨምሩ አሏት። ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። ለቅሶ ደራሹ አንድ በአንድ እየተሰናበተ ሲወጣ እሷ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ አምስት፣ ወደ አሥራ አራት ትወርዳለች። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

ገጽ አምስት ላይ ቆመች። አሥራ ዘጠነኛው መስመር አንቀጽ ሆኖ ተንሰራፍቷል። ውሸት እንደ ሊጥ ነው፣ ሲያድር ይነፋል። ሟች በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ዕውቀት እንደገበየ፣ የመንፈስ ዕረፍት አግኝቶ እንደተመለሰ፣ ሁለተኛውን ታላቅ መጽሐፉንም በረጋ አእምሮ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይቀድ እንደጻፈው ይተርካል።

አንድ ገጽ ሳይቀድ። አራሚዋ የተቀደደውን በከረጢት እየሞላች ስትደፋ የኖረች ሴት ናት።

«እርስዎ ባለቤቴ የት እንደነበረ አያውቁም?» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት የባሏ እህት፣ ልጅቷና የማተሚያ ቤቱ የማሽን ክፍል ኃላፊ ብቻ ነበሩ። ኃላፊው ጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ቀለሜ ይሉታል፤ ትምህርቱ ግን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሦስቱንም ቀን ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ዋለ እንጂ ቃል አልወጣውም።

«አውቃለሁ እህቴ» አሉ ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰማሁት ነገር ነበር። ልጅዎ ግን እንዲህ ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ለክብራቸውም የሚበጀው ይኼ ነው። አንባቢ ታላቅ ሰውን በታላቅነቱ ነው ማወቅ ያለበት።»

«በሰሙ ጊዜ ሊጠይቁት መጡ?»

«ያኔ ሥራው...»

«ሲሞት ግን ሥራ አልበዛብህም» አለች። እርስዎ ከአፏ ወድቆ ቀረ፤ ልታነሳውም አልሞከረች። «ያኔ ጎረቤት አልመጣ፣ ማኅበር አልመጣ። ደራሲ የተባለ ሁሉ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቶ ነበር። ይኼ ቀለሜ ብቻ ነው በየሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀኝ። አሁን መጥተህ በረጋ አእምሮ ጻፈ ትለኛለህ? ረግቶ አያውቅም። አንዷን ገጽ ለማግኘት ሃምሳ ቀዷል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጨረስ አሥራ አንድ ዓመት ነው የፈጀበት። አሥራ አንድ ዓመት እየወደቀ እየተነሳ የሠራውን አንተ ባንድ አንቀጽ ቀማኸው። ክብሩ ያ ነበር እኮ።»

የባሏ እህት «አንቺ ልጅ፣ ገመናውን» ብለው ጀመሩ። አራሚዋ ወደ ልጅዋ ዞረች።

«አባትሽ ውጭ አገር ሄዶ አያውቅም። የአእምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ መስኮቱ ልብስ ማጠቢያውን የሚያይ ክፍል። ቸኮላቱን የምገዛው እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እናቷን ብቻ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

አራሚዋ ጎንበስ ብላ አንቀጹን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ኅዳጉ ላይ፣ በዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ባልተዛነፈ እጅ ጽሑፏ፣ «በዚህ ጊዜ ታሞ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ። ወጥቶም እየታገለ አሥራ አንድ ዓመት ጻፈ» ብላ አሰፈረች። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ «ከእርማቱ ጋር ይታተም» ብላ ፈረመች።

ሊቀመንበሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ይህ እንደማይሆን፣ ማኅበሩም እንደማይቀበለው፣ ቢያስፈልግ ያለ ቤተሰብ ፊርማ እንደሚያወጡት በትሕትና ነገሯት።

ከጥግ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ቀለሜ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስቶ ወረቀቱን ሰብሰብ አደረገና በክንዱ ሥር ያዘው።

«ጋሼ፣ ይታተም የሌለበት ወረቀት ማሽኔ ላይ ወጥቶ አያውቅም» አለ። «ይኼ ደግሞ አለበት። ከእርማቱ ጋር ይላል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ ያነበብኩትን ነው የማትመው።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ከድነው ወጡ። ሽቷቸው ግን ብዙ ቆየ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ባዶ ሆነ። የባሏ እህት ሳይሰናበቷት ነው የሄዱት፤ ነገ ይመጣሉ፣ ወይም አይመጡም። እናትና ልጅ ወጥ ቤት ቆመው ብርጭቆ ያጥባሉ፣ እናት እያጠበች፣ ልጅ እያደራረቀች። ይሄኔ ነው ለማንም ያልነገረችውን የነገረቻት። አንድ ምሽት አባትሽ አርባ ገጽ ይዞልኝ መጣ። ያን ዕለት አንቺን ትኩሳት አንድዶሽ ነበር፤ እኔም ከሥራ ሞቼ ነው የገባሁት። ለዪልኝ አለኝ። አንዲት መስመር ሳላነብ፣ ሁሉም ያንተ ነው፣ ሂድ ተኛ አልኩት። ሳላነብ መሆኑን ዓይኔን አይቶ አወቀ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተካክሎ አስቀምጦ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ አገኙት፤ ስሙን ሲጠይቁት የሚናገረው የመጽሐፉን ርዕስ ነበር። «እኔ ነኝ ያሳበድኩት» አለች። «የሰውን ሁሉ አርሜ፣ የሱን ሳላነብ አሳለፍኩ። አሁን ደግሞ የቀብሩን ወረቀት።»

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ከሚገባው በላይ ስታደርቅ ቆየች።

«በሽታ ነው እማዬ። ብታነቢውም ይመጣ ነበር» አለች። ቀጥሎም፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሳ፣ «ፈቃድ አልወጣሁም። መሥሪያ ቤት መድረስ አቅቶኝ ነው። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል። እንቅልፍ ካጣሁ ወር ሊሞላኝ ነው። አባዬ እንዲያ የታወቀ፣ አንቺ እንዲህ ጠንካራ... ከዚህ ቤት የተበላሸሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ዕድሜዋን ሙሉ የሰጋችው ክፉ ነገር ይኸው መጥቶ ፊቷ ቆመ። አራሚዋ ጉልበቷ እስኪከዳት ጠበቀች። አልከዳትም። የንዴቷ ትኩሳት ገና ከውስጧ አልወጣም ነበር፤ ይልቅ ያቆማት እሱ ሳይሆን አይቀርም። በውሸት ላይ፣ በዝምታዋ ላይ፣ በቸኮላቱ ላይ ተናዳለች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና የልጅዋን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘች።

«ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች። «ሰው ቢያየን ይየን።»

ልጅቷ ራሷን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ለአባቷ ሦስት ቀን ያልወጣላት እንባ አሁን ወጣ። እናትየውም አብራ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ውሃው በቧንቧው እየፈሰሰ።

ለቅሶ ደራሽ እንዳይቸገር ብለው የውጭውን በር ሦስት ቀን ሙሉ ገርበብ አድርገው ነበር የሚያድሩት። ዛሬ ልቆልፈው ብላ አራሚዋ ወደዚያው ሄደች፤ ልጅዋም ተከተለቻት። ቁልፉ ወገቧ ላይ በገመድ ታስሯል። ባሏ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ፣ ማታ ተነስቶ እንዳይወጣ ብላ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቁልፉን ወገቧ ላይ አስራ ነው የተኛችው። ከቀበረችው በኋላም እንዲሁ ተኝታለች፤ ጎኗ ላይ ካልቆረቆራት እንቅልፍ አይወስዳትም። ቋጠሮውን ፈታ ሰጠቻት።

«አንቺ ቆልፊው» አለች።

ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገጠመችውና ሁለት ጊዜ አዞረችው። ቁልፉን ግን አላወጣችውም። እዚያው ሽንቁሩ ላይ እንደተሰካ ትታው ደህና እደሪ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

የአራሚዋ እጅ ወደ ቁልፉ ተዘረጋ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ባዶውን ገመድ መዳፏ ላይ ጠቅልላ ጨበጠችና፣ በሩን እያየች፣ መብራቱን አጠፋች።